ብል የበላው ቁጥር

የወንድሟ የጊዲዮን አርባ በወጣ ማግስት ስሂን የእሱን ደብተር ይዛ ከሲልቨር ስፕሪንግ ከወንዙ ማዶ ወዳለችው አሌክሳንድርያ ወረደች። ጊዲዮን መዳብ ላይ በመርፌና በአሲድ ሥዕል መሥራት ይማር ነበር። ስለዚሁ ሙያ የተጻፈ የሦስት መቶ ዓመት መጽሐፍ ላይብረሪ ውስጥ አግኝቶ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄደ በዚህ ደብተር ወደ አማርኛ ሲመልሰው ከርሟል።

እሷ ኤርፖርት አቅመ ደካማ መንገደኞችን በዊልቼር ትገፋለች። በመጨረሻ የተነጋገሩ ዕለት «እኔ ስለፋ አንተ ትቦጫጭራለህ! ደህና ሥራ ፈልግ!» አለችው። ዕቃውን ሸክፎ ስካይላይን የሚባለው ሰፈር ጓደኛው ዘንድ ገባ። በሦስተኛው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለች።

ከዚያ ወዲህ ከሥራ ገብታ ሶፋው ላይ ጋደም ስትል፣ ከባዶ ክፍሉ መርፌ ብረት ሲጭር ይሰማታል። በሩን ስትከፍት ዝም ይላል። የንስሐ አባቷ መጥተው ጠበል ረጩላት፤ መጫሩ ግን አልተወም።

ጊዲዮን ይማርበት የነበረውን የአሌክሳንድርያ ዎርክሾፕ የያዙት ጋሽ ልሳነወርቅ የሚባሉ ሽማግሌ ሠዓሊ ናቸው። ሰም የተቀባ መዳብ ከመሳቢያ አወጡ።

«ሰሙን በመርፌ ጭሮ ሥሎ ጨርሶታል፤ አሲድ ውስጥ አልገባም እንጂ» አሏት። «አሲዱንም መጽሐፉ እንደሚለው ራሱ በጥብጦ አስቀምጦታል። ምን ያህል እንደሚቆይ ግን አላውቅም። ካነሰ አይታይም፤ ከበዛ ሥዕሉን ይበላዋል።»

ስሂን ደብተሩን ገልጣ አነበበችላቸው። «መዳቡን አሲዱ ውስጥ አጋድመህ አባታችን ሆይን … ጊዜ ድገም፤ ከዚያ አውጣ።» ከጎኑ ጊዲዮን በእርሳስ «ቁጥሩን ብል በልቶታል። ሞክሬ አገኘዋለሁ» ብሎ ጽፏል።

«ይቅር ልጄ፤ ብናበላሸው ሌላ የለንም» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ።

«እርስዎ ይንከሩት። እኔ እደግማለሁ።»

መዳቡ ገባ። አረፋ መስመሮቹን ተከትሎ እንደ ዶቃ ተደረደረ። ስሂን ዓይኗን ጨፍና ጀመረች፤ ደገመች፤ ደጋገመች። ጉሮሮዋ ሲደርቅ ሌላ ድምፅ አብሯት እንዳለ አወቀች። «እንጀራችንን» ላይ ሲደርስ ቀድሟት ይሮጣል። ጊዲዮን ከልጅነቱ እዚያ ላይ ይፈጥን ነበር፤ እናታቸው ስንቴ ቆንጥጠውታል! ዓይኗን ለመግለጥ አልደፈረችም። ስንተኛው እንደሆነ ቆጠራው ከጠፋባት ቆይቷል። «አሜን» አሉ አንድ ላይ። እንደገና ስትጀምር ብቻዋን ነበረች።

«ያውጡት ጋሼ! አሁን!»

ሽማግሌው ፈጥነው አወጡት፤ አጠቡት፤ ሰሙን አስለቅቀው ቀለም ቀብተው ርጥብ ወረቀት አለበሱትና በማተሚያው አሳለፉት። እጃቸውን እየጠረጉ ቀስ ብለው ጠየቁ። «ከማን ጋር ነበር የምትደግሚው?»

ስሂን ወደ ማተሚያው ቀረበች። ወረቀቱ ተገልጧል።

ሥዕሉ ላይ ያለችው ራሷ ናት። ከነዩኒፎርሟ ሶፋው ላይ አፏን ከፍታ ተኝታለች። አንድ ጫማዋ ወልቆ ምንጣፉ ላይ ተቀምጧል፤ የሌላውን ክር ከሥዕሉ ጠርዝ የወጡ ሁለት እጆች፣ እንዳትነቃ በሚመስል ጥንቃቄ፣ ይፈታሉ። ደክሟት በተኛች ቁጥር ጫማዋን ራሷ ያወለቀች ይመስላት ነበር።

አፏን በሻርፗ አፍና አለቀሰች።

«ቀለሙ እስኪደርቅ ሁለት ቀን ይፈጃል» አሉ ጋሽ ልሳነወርቅ። «ሰኞ መጥተሽ ትወስጂዋለሽ። ዛሬ ሥራ የለሽም?»

«አለኝ» አለች፤ ወንበር ስባ ሥዕሉ አጠገብ ተቀመጠች።