ከተማው ሲቆጠር የት አደርሽ?

ይህን ከተማ ከከንቲባው በላይ የማውቀው እኔ ነኝ። ከንቲባው የሚያውቀው አደባባዩን ነው፤ እኔ ግን የትኛው በር ጠዋት ጠዋት ምን ያህል ሰው እንደሚተፋ አውቃለሁ። ከተማችን ትልቅም ትንሽም አይባልም። ግማሹ ሰው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ሌላው ግማሽ ደግሞ ከእነሱ ትንሽ ቀድሞ የመጣና "ድሮ እንዲህ አልነበረም" እያለ የሚነጫነጭ።

ስለዚህ ሕዝብ ቆጣሪው ታብሌቱን ታቅፎ ግቢያችን በር ላይ ሲደናበር ሳየው ዘልዬ ፊቱ ቆምኩ።

"ወንድሜ፣ ያለ እኔ አትወጣውም።"

"አንቺ ደግሞ ማን ነሽ?"

"የሰፈሩ ካርታ።"

ሳቀና ተከተለኝ። የቸኮልኩት ለእሱ አዝኜ አይደለም። አክስቴ ከእናቴ ስትወስደኝ "እንደ ልጄ አስተምራታለሁ" ብላ ነው፤ አራተኛ ክፍል ላይ ያቋረጥኩት ግን እንዳቋረጥኩት ቀረ። በመንግሥት ማሽን ውስጥ "ልጅ" ተብዬ ከገባሁ፣ አፍራም ቢሆን ትምህርት ቤት ትልከኛለች ብዬ ነው።

መጀመሪያ ብሎኬት ፋብሪካ የሚሠሩት ጓደኛሞች ክፍል ገባን። አንድ ፍራሽ ብቻ ነው ያላቸው።

"እዚህ ማን ያድራል?" አለ ቆጣሪው።

"ማታ እኔ፣ ቀን እሱ" አለ አንዱ። "ፍራሹ ግን ቀዝቅዞ አያውቅም።"

ቀጥሎ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ ነበሩ። "ልጄንም ጻፈው፣ ሰሞኑን ይመጣል" አሉ። ቆጣሪው አፉን ሳይከፍት እኔ ቀደምኩት፦ "ካላደረ አይጻፍም፣ እማማ! ሰው የሚቆጠረው ትናንት ሌሊት ባደረበት ቤት ነው።" ቆጣሪው "አስተማሪ ነሽ" አለኝ፤ ደረቴን ነፋሁ።

ደንቡን ትናንት ከሬዲዮ ሰምቼ ለአክስቴም ያስረዳኋት እኔ ነኝ። "ጎበዝ!" አለችኝና፣ ማታውኑ "ልብስ ሰፊዋን ወገቧን አሟታል፣ ሄደሽ እሷ ጋ እደሪ" ብላ ላከችኝ። ለጎረቤት እንዲህ ማሰቧ ገርሞኝ ነበር።

አሁን የአክስቴ በር ላይ ደረስን። ፀጉሬን በእጄ አስተካከልኩ።

"በዚህ ቤት እነማን አሉ፣ እናቴ?"

"ባለቤቴ፣ እሱ ሾፌር ነው። እኔ። ሁለቱ ልጆቼ። በቃ።"

አጠገቧ ቆሜ ነው እንግዲህ፣ ክንዴ ክንዷን እየነካ።

"እኔስ?" አልኩ።

"አንቺማ እዚህ አላደርሽም።"

ቆጣሪው ወደ እኔ ዞረ። "የት አደርሽ?"

"ልብስ ሰፊዋ ጋ፣ ግን እኮ..."

"በቃ፣ እዚያ ትቆጠሪያለሽ። ደንቡን አንቺው ታውቂው የለ?"

ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ አጠገብ በጎኗ ተጋድማ ነበር።

"ይህች ልጅ ምንዎ ናት?"

"ምኔም አይደለችም። ውሃ እንድታቀብለኝ አክስቷ ልካት ነው።"

"ልጅ፣ ዘመድ፣ ሠራተኛ፣ እንግዳ። አንዱን ይምረጡልኝ።"

ከኋላው ቆሜ "ልጅ በይው፣ ልጅ" እያልኩ በከንፈሬ ለመንኳት።

"ወይ ጉድ!" አለች ወገቧን ይዛ እየሳቀች። "ሳላምጥ ይህን የምታህል ልጅ? እንግዳ በላት።"

"ትማራለች?"

"እኔ ምን አውቄ።"

አጠገቡ ቆሜ ሳለሁ እኔን መጠየቅ ትቶ "አይታወቅም" የሚለውን በጣቱ ነካ አደረገና ወደ ሌላ ግቢ ሄደ። ቻውም አላለኝ።

አክስቴን ጓዳ አገኘኋት። ማልቀስ አማረኝ፣ ግን ለእሷ ብዬ አላለቅስም።

"አውቀሽ ነው የላክሽኝ አይደል? ልጄ ናት ብትይው ምን ይጎድልብሽ ነበር?"

ቀና ብላ እንኳ አላየችኝም።

"ልጄ ናት ስለው ለምን አትማርም ይለኛል። እና ዕቃውን ማን ሊያጥብልኝ ነው ልበለው?"