ያልታመመው ነርቭ

የሕክምና ታሪክ መምህሩ የሕመሙን ስም ያወቀው ገና ፎጣውን ከፊቱ ሳያነሳ ነበር። ጠዋት ተጣጥቦ ቀኝ ጉንጩን ጠረግ ቢያደርገው፣ ከጆሮው ሥር እስከ ከንፈሩ መብረቅ የወረደበት መሰለው። የመታጠቢያውን ጠርዝ የሙጥኝ ብሎ ቆመ። ወዲያው ደግሞ ተወው። መተዉ ነው ይበልጥ ያስፈራው፤ እንደሚመለስ ያውቃላ።

ስንት ዓመት ሙሉ አስተምሮታል። የጥንት ሐኪሞች የጥርስ ነው ብለው ጤነኛ መንጋጋ ሲነቅሉ፣ ጉንጭ በጋለ ብረት ሲተኩሱ፣ ኋላም ቢላ አንስተው ነርቭ ሲቆርጡ። "የቆረጡት ግን ያልታመመውን ነበር" ይልና፣ ተማሪ እስኪስቅ ድረስ ፊቱን ወደ አንድ በኩል ያጣምም ነበር። "ፊት የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ሌላ፣ ሕመም የሚያደርሰው ሌላ መሆኑን ማን ነገራቸው? በሽተኛው ፊቱ ተንጋዶ፣ ሕመሙን እንደያዘ ቤቱ ይገባል።" በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት ማለት ይኸው ነው። አሁን ያ ሁሉ በሽተኛ በየተራ እየመጣ ዓይኑ ላይ ይቆምበት ጀመር።

ጢሙን መላጨት ተወ። በግራ በኩል ብቻ ያላምጣል፤ መስኮት ሲከፈት ፊቱን በእጁ ይጋርዳል። አንድ ቀን ሚስቱ ጉንጩን ልትስመው ስትጠጋ ወደ ኋላ ሸሸባት።

"ምን አደረግሁህ?" አለችው ደንግጣ።

የፊት ነርቭ ሕመም እንደያዘው ነገራት።

"ታዲያ ለምን አትታከምም?"

"ምን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ።"

"አንተ የምታውቀው የሞቱትን ሐኪሞች ነው። እስቲ በሕይወት ያሉትን እንጠይቅ።"

የነርቭ ሐኪሟ የተነሳውን የጭንቅላት ፎቶ ስክሪኑ ላይ አሳየችው። ቀጭን የደም ሥር ነርቩ ላይ ተጋድሞ፣ ልብ በመታ ቁጥር ይደቁሰዋል። "የድሮዎቹ ይህን የሚያዩበት መሣሪያ አልነበራቸውም" አለች። "መጀመሪያ ለሚጥል በሽታ የሚታዘዘውን ኪኒን እንሞክራለን። እምቢ ካለ ከፍተን በመካከላቸው መለያ እናስገባለን።"

"ከየት በኩል ነው የምትከፍቱት?"

"ከጆሮዎ ኋላ።"

እጁ ሳያስበው ወደዚያ ሄደ። "ፊቴ ቢጣመምስ?"

"አልፎ አልፎ ያጋጥማል። የለም ብዬ አልዋሽዎትም።"

ቤቱ የደረሰው ሚስቱ ክንዱን ይዛው ነው። ኪኒኑ አናቱን ያዞረዋል፣ ቃል ያጠፋበታል፤ ሕመሙ ግን ቀስ በቀስ ጋብ አለ። ጢሙንም ተላጨ፤ ምላጩ ቀኝ ጉንጩ ጋ ሲደርስ ትንፋሹን ውጦ።

"ዛሬስ እንዴት ነህ?" ትለዋለች ጠዋት ጠዋት።

ራሱን ይነቀንቅላታል እንጂ ተሻለኝ አይልም። ሕመሙ እዚያው ተኝቶ የሚያዳምጠው ይመስለዋል።