የአይለርትና የዩሩን ብልቃጦች

ይህን ታሪክ ውሸት ነው የሚል ካለ ጀልባችን ላይ ይሳፈርና ዓይኔን እያየ ይንገረኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ እውነት ነው፤ ካልሆነ ባሕሩ ይዋጠኝ።

አይለርትና ሚስቱ ዩሩን በሰሜን ኖርዌይ የኛ ደሴት ሰዎች ናቸው። እኔ የመሻገሪያዋ ጀልባ ገመድ አሳሪ ነኝ። ያኔ ከውፍረታቸው የተነሳ አንዱን በግራ፣ አንዷን በቀኝ ካላስቀመጥኩ ጀልባዋ አትሄድም ነበር። ኋላ ሁለቱም በአንድ ሳምንት ጨጓራቸውን በቀዶ ሕክምና አሳነሱ።

ከዚያ ወዲያ ዓሣውንም ድንቹንም በሚዛን ይካፈሉ ጀመር። እኩልነት በኛ ዘንድ ሃይማኖት ነው፤ አንዲት አተር ብትተርፍ በቢላ ለሁለት ትሰነጠቃለች። በስድስት ወር እያንዳንዳቸው አርባ ኪሎ ጣሉ። እኩል!

ደማቸው ግን እምቢ አለ። የሰውነትን ብግነት የሚለካው ቁጥር የዩሩን ከአሥራ አንድ ወደ ሁለት ወረደ። የአይለርት አሥራ ሁለት ላይ ተተከለ። የሱ ዳሌ ደግሞ ተበልቶ አልቋል፤ ቁጥሩ ካልወረደ ሐኪሞቹ አይቀይሩለትም፣ ካልተቀየረ ደግሞ ዓሣ ማስገር ቀረ። ያለ ባሕር አይለርት ምንድን ነው?

"የማያቸው ሴቶች ቶሎ ይወርድላቸዋል፣ ወንዶቹ ላይ ይዘገያል። ለምን እንደሆነ በደንብ አናውቅም" አለችው ዶክተሯ። "ወይም የተደበቀ ነገር ይኖራል። እንጠብቅ።"

"ግማሽ ግማሽ በልተን!" አለኝ አይለርት ጀልባው ላይ። "ላቦራቶሪው ነው ያምታታው።"

"የጎደለውን አይብ ማን በላው ታዲያ?" አለች ዩሩን።

"አንቺ ሴትዮ፣ እኔ አይጥ ነኝ?"

"አይጥ እንኳ ካንተ ይሻላል፣ ሮጦ ያመልጣል።"

የሚቀጥለውን ደማቸውን ነርሷ በሁለት ብልቃጥ ቀድታ በሣጥን ሰጠችኝ፤ ወደ ላቦራቶሪው የማሻግረው እኔ ነኝ። ትምህርት ቤት መስኮት ሥር ተቀምጬ የተማርኩት መርከብ መቁጠር ብቻ ነው። መሐል ባሕር ላይ የስም ወረቀቶቹን ከብልቃጦቹ ልጬ አቀያየርኳቸው። ቀልድም ደግነትም መስሎኝ። በሁለተኛውም ጊዜ እንዲሁ አደረግኩ።

የአይለርት ቁጥር ሁለት ሆነ። አቅፎኝ በአንድ እግሩ ጨፈረ። ዩሩን አሥራ ሁለት ደረሳት፤ ምን አጥፍቼ ነው ብላ ከግማሿም ላይ ግማሹን ትታ ትነሳ ጀመር።

ዳሌው ተቀየረ፣ በሦስተኛው ሳምንት አመረቀዘ። የወንድነት ነገር ይሁን የተደበቀ መግል፣ እውነተኛው ቁጥሩ ቆዩ ብሎ ነበር። አዲሱን ብረት መልሰው አወጡት፤ ቦታው ባዶ ቀረ።

ሄጄ ለሁለቱም ተናዘዝኩ። ዩሩን ሳልጨርስ ተነስታ ወጣች። አይለርት ግን ሳቀና "እኔም ብሆን አደርገው ነበር፣ አንተ ሌባ" ብሎ ትከሻዬን መታኝ።

እሺ፣ አንዲት ነገር ፈጥሬያለሁ። ሳቁን። አልሳቀም። "ሚስቴን ስንት ወር አስራብካት?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ።