በግብዣ ብቻ

ታላቅየዋ ልብስ ሰፊ ነች፤ እጇ ለመርፌ እንጂ ለስልክ አልተፈጠረም። ቢሆንም ታናሽ እህቷ ወልዳ፣ በየአገሩ የተበተነው ዘመድ ሁሉ ሕፃኑን አሳዩን እያለ ሲነዘንዝ፣ በቪዲዮ የመሰብሰቡ ጣጣ እሷ ላይ ወደቀ። የእህቷ ስልክ ገና ከጅምሩ ጠየቃት፦ ለሁሉም ክፍት ይሁን ወይስ በግብዣ ብቻ?

አራሷ በግብዣ ብቻ አለች። ፈርታለች። እርጉዝ ሳለች አንድ ሰው ነጭ የሕፃን ካልሲ የበሯ እጀታ ላይ አንጠልጥሎ ሄደ። ማንነቱ ሳይታወቅ ሌላ ካልሲ መጣ፣ ከዚያም ሌላ። ባሏ ሥራው ከቤት ያርቀዋል፤ ብቻዋን ቢጨንቃት ሳትወልድ ቤት ቀየረች። አዲሱን ቤት ከእህቷና ከባሏ በቀር የሚያውቅ የለም።

"ባዳ እንዳይገባብኝ፣ እቴቴ። አደራሽን።"

ታላቅየዋ የስብሰባው በር ጠባቂ ሆና ተቀመጠች። ግብዣውን ዘመድ ለዘመድ ተቀባበለው። ስሙን በወጉ የሚጽፍ ዘመድ የት አለና! "አክስት"፣ "የአጎት ልጅ" እያሉ አንኳኩ፤ አስገባቻቸው። "ጋሼ" የሚልም አንኳኳ፤ ምስል የለውም። ማን ነዎት ልትል ፈለገችና ይሉኝታ ያዛት። ትልቅ ሰውን፣ ያውም የባልን ወገን፣ እንዲህ ብሎ መጠየቅ ዕድሜ ልክ ያስወቅሳል። አስገባች። ይሉኝታ የሚሉት በሽታ መድኃኒት የለውም።

ከገቡ በኋላማ ማን ይጠይቅ? በሩ ዝግ ነው፤ ውስጥ ያለ ሁሉ ዘመድ ነው። የእናት ወገን ጋሼን የአባት ወገን አላቸው፣ የአባት ወገን ደግሞ የእናት። የጋሼ ድምፅ ለስላሳ ነበር። ሕፃኑን መረቁ፣ የባልን እናት ጉልበታቸው ተሻላቸው ወይ ብለው ጠየቁ። ልጁ ብርሃን ያግኘው፣ መጋረጃውን ግለጡለት ሲሉም ሁሉም እውነታቸውን ነው አለ። አራሷ መጋረጃውን ገለጠች፤ ልጇን አቅፋ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከኋላዋ መንገዱ ወለል ብሎ ታየ።

ስንብቱ ሲያልቅ ታላቅየዋ ስልኩን አልጋው ላይ በፊቱ ደፍታ፣ በራሷ ስልክ ወደ ባልየው እናት ደወለች። እኚያ ጋሼ ለእናንተ ምናችሁ ናቸው ብላ በነገር መሃል ጣል አደረገች። ሴትዮዋ ሳቁ።

"የእናንተ አይደሉም እንዴ? እኛማ እንዴት ያለ ጨዋ ዘመድ አላቸው ስንል ነበር።"

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው ነገሩ፤ ብቻ ጅቡም አልሄደም። ታላቅየዋ ሮጣ መጋረጃውን ዘጋችው። አራሷ የእህቷን ፊት አይታ ልጇን ደረቷ ላይ ለጠፈችው።

ያን ጊዜ ነው ታላቅየዋ ስብሰባውን አለመዝጋቷ ትዝ ያላት። ስልኩ እንደተደፋ ነው፤ ካሜራው ከብርድ ልብሱ በቀር የሚያየው ነገር የለም። ያ ለስላሳ ድምፅ ከሥሩ መጣ።

"መጋረጃውን ለምን ዘጋሽው፣ ልጄ? ካልሲውን እኮ በሩ ላይ አንጠልጥዬልሻለሁ።"