ውሃ የጠገበች ዶቃ

ልብስ ሰፊዋ የአበባ ማስቀመጫውን ከመንጠቆው ስታወርድ፣ ከሥሩ የተንዠቀዠቀው ውሃ እጅጌዋን አርሶ በስፌት መኪናዋ ላይ የተዘረጋውን የደንበኛ ሐር አበላሸው።

"ወይ ጉዴ!" ሐሩን በፎጣ እየተጫነች በሌላ እጇ አፈሩን ነካችው። ጭቃ ሆኗል።

ተክሏ ቅጠሎቿ እንደ አረንጓዴ ዶቃ ድቡልቡል ናቸው፤ በክር እንደተሰኩ ቁልቁል እስከ ወለሉ ይወርዳሉ። ደንበኞች ሁሉ "ዶቃዋ" ነው የሚሏት። አሁን ግን አናቷ ላይ ያሉት ቢጫ ሆነው ሲነኩ ይፈርጣሉ።

"አባባ! ይቺን ውሃ የሚያጠጧት እርስዎ ነዎት?"

አባቷ ከውስጠኛው ክፍል ብቅ አሉ። ዕድሜያቸውን በአውቶቡስ ሾፌርነት የጨረሱ፣ ዓይናቸው ደክሞ መሪ ከተዉ ወዲህ ከእሷ ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው።

"በየማለዳው ጠብ አደርግላታለሁ። ምነው?"

"በየማለዳው! እሷ እኮ ውሃዋን በቅጠሏ ነው የምታጠራቅመው። አፈሩ ክው ብሎ ካልደረቀ አትፈልግም።"

"መኪና ውሃው ሳይታይ አይነሳም። እኔ የማውቀው ይሄንኑ ነው።"

"አውቶቡስ መሰለችዎት? ገደሏት እኮ!"

ቃሉ ካፏ እንደወጣ ቆጫት። አባቷ ወደ ክፍላቸው ተመለሱ። ጥቂት ቆይቶ የሻንጣ ዚፕ ሲከፈት ሰማች። ተከትላ ስትገባ ሸሚዛቸውን እያጣጠፉ ነበር።

"ደግሞ ወዴት ነው?"

"ወንድምሽ ጋ። እዚያ እንኳ የምገድለው ነገር የለም።"

"አባባ፣ ተናድጄ ነው። ይተዉት።"

"አልተቀየምኩሽም። ሰው እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይከብደዋል። ትንሽ ነገር ላግዝ ብዬ እሷኑ አበላሸሁ።"

ወጥታ መቀስ ይዛ ተመለሰች።

"ገና አልሞተችም፤ ጫፎቿ ደህና ናቸው። ይምጡና ያግዙኝ።"

ጠረጴዛው ላይ ጋዜጣ አነጠፉ። እሷ ከበሰበሰው እየለየች ጤነኛውን ትቆርጣለች፤ እሳቸው አሸዋ የበዛበትን አፈር በአሮጌ ጣሳዎች ይሞላሉ። የተቆረጡትን አፈሩ ላይ አጋደመቻቸው።

"አትቀበርም እንዴ?"

"አይ፣ ተኝታ ነው ሥር የምትሰደው።"

"ጡረተኛ ናት በይኛ!"

ሳቀች። እሳቸውም ፈገግ አሉና አንዱን ጣሳ ወደ ራሳቸው ሳቡ።

"ይቺን ለኔ ተያት። ራስጌዬ አስቀምጣታለሁ።"

"እዚያማ አይሆንም፤ ብርሃን በሌለበት ክፍል እንዴት ብላ ትኖራለች..." አለችና አቋረጠች።

"እሱስ ልክ ነሽ" አሉ፣ ያለ ምንም ቅሬታ። "እኔም በቀን መብራት ካላበራሁ ጫማዬን አላገኘውም።"

ክፍሉ የጨርቅ ማከማቻ ነበር። ሲመጡ ለጊዜው ብላ ነው የሰጠቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ አላሰበችበትም። የቤቱን ሰፊ መስኮት የያዘችው በስፌት መኪናዋ ነው። ጥቁር ጨርቅ በአምፖል መስፋት ደግሞ ምን ያህል ዓይን እንደሚጨርስ ታውቃለች።

ጋዜጣውን ጠቅልላ ጣለች። ጨርቆቿን ከመኪናው ላይ አነሳችና ገመዱን ከሶኬቱ ነቀለችው።

"ዛሬ ሥራ የለሽም?"

"አለኝ። በዚያ በኩል ይያዙልኝማ፣ አባባ፤ እሱን ወደ ውስጥ እናስገባና አልጋዎን እዚህ መስኮቱ ሥር እናወጣለን።"

"አንቺስ በምን ታያለሽ?"

"እኔ አምፖል እጨምራለሁ። ከፍ ያድርጉት፣ እግሩ ወለሉን እንዳይቧጥጠው።"