የሰማያዊው መኪና ቁልፍ

«አንካሴ» ብሎ መጀመሪያ የጠራኝ የሚስቴ ወንድም፣ የምሠራበት ጋራዥ ባለቤት ነው፤ ከሆስፒታል በወጣሁ ማግስት፣ ደንበኛ ፊት። ጉልበቴን በመኪና የጨፈለቀው ሾፌር እየጮህኩ ጥሎኝ ነው ያመለጠው። ትራፊክ ፖሊሱም «መኪናው ከነጉዳቱ ከተገኘ እንከሰዋለን፤ ተቀጥቅጦ ከተስተካከለ በኋላ ግን በምን እናስረዳለን?» ብሎኝ ነበር።

ትናንት አንድ ሰማያዊ መኪና ሊጠገን ገባ። ኮፈኑ ተጨፍልቋል። በፊት ብረቱ ስንጥቅ ውስጥ ሚስቴ በቀይ ክር የጣፈችው፣ በብየዳ እሳት የተበሳሳው ፣ በተገጨሁበት ቀን የለበስኩት የቱታዬ ቁራጭ ተሰክቷል።

«ቶሎ ቀጥቅጠው አንካሴ» አለኝ አማቼ። «ወዳጄ ነው፤ ውሻ ገጭቶ ነው።»

«ውሻውማ» አለ ሾፌሩ እየሳቀ፣ «እንደ ሰው ነው የጮኸው።»

መዶሻውን አነሳሁ። የሾፌሩ ጉልበት ሲንኮታኮት፣ እንደ እኔው መሬት ላይ ሲንፈራገጥ ታየኝ። አፉን ደም ልሞላው አንድ እርምጃ ቀረኝ። ግን ብመታው እሱ ከሳሽ፣ እኔ ተከሳሽ ልሆን ነው፤ መኪናውም በሌላ እጅ ይቀጠቀጣል።

መዶሻውን ጣልኩና ሾፌሩ ይዞት እንዳይሄድ የመኪናውን ቁልፍ ኪሴ ከተትኩ።

«ወዴት ነው?» አለ አማቼ። «ትራፊክ ጋ ከሄድክ እህቴን ዳግመኛ አታያትም፤ ሰማህ አንተ አንካሳ?»

እያነከስኩ ወደ ትራፊክ ፖሊሱ ወጣሁ።