በስምንተኛው ቀን የተወሰደ ናሙና

እሑድ ጠዋት፣ ሮቤ፣ እህቴን ሌንሳን ከባሏ ለማፋታት የተቀመጡ ሽማግሌዎች ፊት የምርመራ ወረቀት ተነበበ። ያነበቡት ፍቺውን የጠየቁት አማቷ እማማ ማሚቱ ናቸው። ልጃቸው አቤሴሎም አጠገባቸው አንገቱን ደፍቷል።

«‹ለእርግዝና የሚያዘጋጀው ለውጥ በማህፀን ሽፋን ሕዋሳት ላይ አልታየም› ይላል። ጎባ ድረስ ወስጄ ነው ያስመረመርኳት። አራት ዓመት ጠበቅን፤ መሬቱ ጭንጫ ነው!»

እኔ የላብራቶሪ መምህርት ነኝ፤ ወረቀት በጩኸት አይነበብልኝም። ተቀብዬ ቀኑን አየሁ።

«እማማ፣ ክሊኒኩ መቼ አምጧት አለ?»

«የወር አበባዋ በመጣ በሃያ አራተኛው ቀን።»

«እርስዎስ መቼ ወሰዷት?»

«በማርያም ዕለት ነዋ! ማህፀን የምትፈታ እሷ አይደለችም?»

«ሌንሳ፣ ስንተኛው ቀንሽ ነበር?»

«ስምንተኛው። ነግሬያቸው ነበር።»

ደሜ ፈላ። «ማርያምን አልከስም፤ ቀኑን የቀየሩት እርስዎ ነዎት። እነዚያ ሕዋሳት ያን ጊዜ ገና ቀጫጭን ናቸው። እንቁላል ከወጣ በኋላ ነው ክብ እየሆኑ፣ እየወፈሩ፣ ስንቅ እየቋጠሩ የሚለወጡት። ፅንስ እስኪመጣ እንኳ አይጠብቁም፤ ቀድመው ይሰናዳሉ፣ ካልመጣ ፈርሰው ይወርዳሉ። በስምንተኛው ቀን ለውጥ መፈለግ፣ ነሐሴ ለተዘራ ስንዴ መስከረም ላይ ኮምባይነር ማስገባት ነው!»

ሰብሳቢው አባባ ተክለማርያም ስንዴ ሲያርሱ ያረጁ ሰው ናቸው፤ ሳቃቸው አመለጣቸው።

«የተማረች ምላስ!» አሉ እማማ ማሚቱ። «እህትሽ መካን ናት!»

«ልጅዎስ ተመርምሯል?»

«የኔ ልጅ? አቤሴሎም፣ ስትሰደብ ዝም ትላለህ?»

አባባ ተክለማርያም ወረቀቱን ከእጄ ወስደው፣ አጥፈው ለእማማ ማሚቱ መለሱላቸው። «ይሄ ማስረጃ አይሆንም። ልጅቷ በቀኗ ትመርመር። አቤሴሎም፣ አንተም ነገ ለምርመራ ትሄዳለህ።»

«እናቴ ካለች…» አለ አቤሴሎም።

ሌንሳ ያን ጊዜ ቀና አለች።

«ስምንተኛ ቀኔ ነው እያልኩህ መኪናውን የነዳኸው አንተ ነህ» አለችው። ወደ ሽማግሌው ዞረች። «አባባ፣ ሁለተኛ ናሙና አልሰጥም። ፍቺውን የጠየቀችው ሌንሳ ናት ብለው ይጻፉልኝ።»

እኔ ትዳሯን ላድን ነበር የመጣሁት። ተነስቼ በሩን ከፈትኩላት።